መጤው ዛፍና የአልባኒ ቢራቢሮዎች

ስለ ዕፅዋት በአማርኛ ማስተማር የሚፈልግ ሰው ገና ሲጀምር ሁለት ቃላት ያስፈልጉታል። አንደኛው «አገር በቀል» ነው፤ ሁለተኛው «መጤ»። የመጀመሪያው ችግር የለበትም። አገር በቀል ዛፍ፣ አገር በቀል ዕውቀት እያልን ኖረናል፤ ጆሮ የማይጎረብጥ ቃል ነው። ሁለተኛውን ግን ያለፉትን ሠላሳ ዓመታት አገር ቤት የኖረ፣ ወይም እንደ እኔ ከሩቅ ሆኖ ዜና ሲሰማ የከረመ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ቃል ስንቱ ከሠራው ቤት ወጥቷል፤ ስንቱ በተወለደበት ቀዬ «ወደ አገርህ ሂድ» ተብሏል። የግብርና ባለሙያው «መጤ አረም» ሲል ስለ እምቦጭ እንደሚናገር ብናውቅም፣ ቃሉ የሚቀሰቅሰው ቁስል ሌላ ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ቃላት ለመፈላሰፍ አይደለም። በምኖርባት በአልባኒ ከተማ፣ አንዲት ኮረብታ ላይ፣ ለአገሬ አረጋውያን እንዳስተረጉም ተጠይቄ ነበር። የጉብኝቱ ዓላማ ነዋሪውን ከአካባቢው አገር በቀል ዕፅዋትና የዱር እንስሳት ጋር ማስተዋወቅ ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት በዚህ አካባቢ ብርቅ አይደለም። የካሊፎርኒያ አገር በቀል ዕፅዋት ማኅበር ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ከ2005 ወዲህ ደግሞ አገር በቀል ተክል የተከሉ የምሥራቁ ዳርቻ ነዋሪዎች በየዓመቱ በጸደይ የግቢያቸውን በር ለጎብኚ ይከፍታሉ። በአማርኛ ሲሆን ግን ለእኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ከኦክላንድ አሥራ አንድ እናቶችና ሦስት አባቶች መጡ። አብዛኞቹ ልጆቻቸው ያመጧቸው፣ እዚህ አገር ከአፓርታማ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ክሊኒክ የሚመላለሱ ናቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ አሥር ዓመት ኖረው የአንድ ዛፍ ስም የማያውቁ ነበሩባቸው። አገራቸው ሳሉ ግን ስሙን የማያውቁት ዛፍ በሰፈራቸው አልነበረም።

አልባኒ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከበርክሌይ በስተ ሰሜን፣ ከባሕረ ሰላጤው ዳር። አመሠራረቷ ራሱ ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚተረክ ነው። በ1908 እ.ኤ.አ. የበርክሌይ ቆሻሻ በጋሪ እየተጫነ እዚህ ይደፋ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ሁለት ሾትገንና አንድ ሌላ ጠመንጃ ይዘው፣ ዛሬ የሳን ፓብሎና የቡካናን ጎዳናዎች በሚገናኙበት አካባቢ ጋሪዎቹን አስቆሙ። ነጂዎቹም ክርክር ሳይገጥሙ ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ ነዋሪው ራሱን የቻለ ከተማ ለመሆን ድምፅ ሰጠ። የመጀመሪያ ስሟ ኦሽን ቪው ነበር። በዓመቱ ግን የመጀመሪያው ከንቲባ ፍራንክ ሮበርትስ በተወለዱባት በኒው ዮርኳ አልባኒ ስም ተጠራች። እንግዲህ የከተማዋ ስም ራሱ መጤ ነው ማለት ነው።

ኮረብታዋ ከመቶ ሜትር እምብዛም አትበልጥም። በሰሜን ግርጌዋ ሴሪቶ የሚባል ጅረት ይወርዳል። ከጅረቱ አጠገብ ባለው ዐለት ላይ ክብ ክብ ጉድጓዶች ተቦርቡረው ይታያሉ። የኦሎኒ ሕዝቦች፣ የዚህ ምድር የመጀመሪያ ባለቤቶች፣ የኦክ ዛፍ ፍሬ የወቀጡባቸው ሙቀጫዎች ናቸው። አስጎብኚያችን ጡረታ የወጣች በጎ ፈቃደኛ ናት። የኦክ ፍሬ መራራ ስለሆነ ከተወቀጠ በኋላ ምሬቱ እስኪለቀው ድረስ ውሃ እየተደጋገመ ይፈስበት እንደነበር ስታስረዳ፣ ከጎጃም የመጡ አንዲት እናት አላስጨረሷትም። «እንደ ግብጦ ነዋ!» አሉ። ግብጦም ተቆልቶና ተቀቅሎ ለቀናት በውሃ ካልተዘፈዘፈ አይበላም። ይህን ለአስጎብኚዋ ተርጉሜ ስነግራት፣ የግብጦ ዘመዶች የሆኑ ሉፒን የሚባሉ አበቦች በካሊፎርኒያ በብዛት እንደሚበቅሉ ነገረችን። አንዱ ወገን ስለ ኦክ ሊማር መጥቶ ሌላው ስለ ግብጦ ተማረ።

ኦክ ራሱም ለእነዚህ አረጋውያን ፈጽሞ ባዳ አልነበረም። አብርሃም ሦስቱን እንግዶች የተቀበለበት የመምሬ ዛፍ ኦክ እንደነበር ብዙዎች ይናገራሉ ስላቸው፣ አንድ አባት ቀረብ ብለው ግንዱን በመዳፋቸው ነኩት። እንግዳ የተቀበለ ዛፍ ነው፤ ለእርሳቸው ይህ በቂ መግቢያ ነበር።

ትንሽ ወጣ እንዳልን ደግሞ ቅጠሉ እንደ ሣር ረዘም ብሎ ጠርዙ የሚጠማዘዝ ተክል አገኘን። ሥሩ ውስጥ ያለው ኮረት ሲፈጭ አረፋ ያወጣል፤ የኦሎኒ ሰዎች ሰውነታቸውንና ጸጉራቸውን ይታጠቡበት ነበር። ተፈጭቶ ጅረት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ዓሣውን ያደነዝዘዋል፤ ዓሣውን መልቀም ብቻ ነው። ስሙን ስጠይቃት «አሞሌ» አለች። እናቶቹ በሳቅ ወደቁ። ቃሉ ከሜክሲኮ የመጣ ስፓኝኛ ነው፤ ከእኛ የጨው አሞሌ ጋር ድምፅ እንጂ ዘር አይጋራም። ግን ከዚያ ወዲያ ያን ተክል የሚረሳ አልነበረም። «እንዶድ ነው በሉኝ» አሉ አንዲት እናት። «ዓሣ የሚያሰክረው ግን ብርብራ ነው፤ ይኸኛው ሁለቱንም ሆነ ማለት ነው።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከመጽሐፍም አላገኝም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የእንዶድን ኃይል ያስተዋሉት እኮ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነበር። ዕውቀቱ የተጀመረው ከአጣቢዎቹ ነው።

ከዚያ ያ መጠንቀቅ ያለብን ተክል መጣ። ፖይዝን ኦክ ይሉታል፤ በአንድ ዘንግ ሦስት ቅጠል አለው፤ የነካው ሰው ቆዳው ለሳምንታት ያብጣል፣ ያሳክከዋል። «እንደ ሳማ፣ ግን ከሳማ የከፋ» ብዬ ተረጎምኩ። ሁሉም እጃቸውን ሰበሰቡ። አንድ አባት «ታዲያ ለምን አይነቅሉትም?» አሉ። መልሱ እርሳቸው ያልጠበቁት ሆነ። ተክሉ አገር በቀል ነው፤ ፍሬውን ወፎች ይበሉታል፤ ከመንገዱ ዳር ብቻ ይከረከማል እንጂ አይነቀልም። አባታችን ጥቂት አስበው «በቀል ሁሉ ደግ አይደለማ» አሉ። እውነታቸውን ነው። አገር በቀል ማለት ደግ ማለት አይደለም። ከቦታው ጋር ረጅም ዘመን የኖረ፣ ብዙ ፍጡር የለመደው ማለት ነው።

የኮረብታውን ጫፍ ስንይዝ ግን ሽታው ቀድሞን ነበር። መናገር አላስፈለገኝም። አሥራ አራቱም ቆሙ። አንዷ እናት የወደቀ ቅጠል አንሥተው በመዳፋቸው አሹና አሸተቱ። «ባሕር ዛፍ!» አሉ፤ ድምፃቸው ዘመድ እንዳገኘ ሰው ነበር። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እንጦጦ ሥር ነው ያደጉት፤ በልጅነታቸው ቅጠል ጠርገው በጀርባቸው ተሸክመዋል። ዛፉም ያው ራሱ ነው። እንጦጦን የሸፈነው ነጭ ባሕር ዛፍና የአልባኒው ባሕር ዛፍ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ሁለቱም ከአውስትራሊያ የመጡ።

አስጎብኚያችን ታሪኩን ነገረችን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ጀድሰን የተባለ የድማሚት ኩባንያ በኮረብታው ሥር ይሠራ ነበር። ፍንዳታ በየጊዜው ስለሚደርስ ድምፁንና ፍንጣሪውን እንዲያፍኑ ባሕር ዛፎቹ ተተከሉ። ፋብሪካው ከሄደ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ዛፎቹ ቀሩ። እኛ አገር በዚያው ዘመን የገቡት ለሌላ ችግር ነው። አዲስ አበባ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት አልቆባት፣ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ ያቆያት ይህ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ምንጩን አልደበቁም። ከባሕር ማዶ የመጣ ስለሆነ ባሕር ዛፍ አሉት፤ ብለውም ቤታቸውን ሠሩበት፣ እንጀራቸውን ጋገሩበት፣ ጉንፋናቸውን ታጠኑበት።

ከዚህ በኋላ አስጎብኚዋ ያቺን ቃል ተናገረች። ይህ ዛፍ መጤ ነው፤ ወራሪም ነው አለች። ከሥሩ ብዙ ነገር አያበቅልም፤ ቅርፊቱና ዘይታም ቅጠሉ እሳት ያባብሳል። በጥቅምት 1991 እ.ኤ.አ. የኦክላንድ ኮረብታዎች ሲቃጠሉ 25 ሰዎች ሞተዋል፤ ሦስት ሺህ ገደማ መኖሪያዎች ወድመዋል። ለእሳቱ መባባስ ስማቸው ከሚነሣው ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። የዚህ ኮረብታ ዛፎችም ከቅርብ ዓመታት ድርቅ ወዲህ እየደረቁ ነው። ከተማዋ አንሥታ በአገር በቀል ዛፍ ለመተካት ዕቅድ ይዛለች።

እኔ ይህን ስተረጉም «መጤ» የምትለዋን ቃል ዘለልኳት። «ከባሕር ማዶ የመጣ» አልኩ። ቅጠሉን የያዙት እናት ግን እንግሊዝኛውን ባይሰሙም ነገሩን አልሳቱትም። «ሊቆርጡት ነው?» አሉ። «ልጄ፣ እስቲ ጠይቂልኝ። መቶ ዓመት የኖረ ዛፍ ዛሬም እንግዳ ነው? ስንት ዓመት ሲኖር ነው የአገሩ የሚሆነው?»

ጥያቄው ስለ ዛፍ ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም ገባን። ከመሃላቸው በዜግነት ወረፋ ላይ ያሉ ነበሩ። አገር ቤት ያለ የወንድማቸው ቤት በዚያች ቃል የተነሣ የፈረሰባቸውም ነበሩ። አስጎብኚዋ መልስ ለመስጠት አልቸኮለችም። ቀና በሉ አለችን።

ኅዳር ነበር። ቅርንጫፎቹ ላይ የደረቀ ቅጠል መስለው ተደራርበው የተንጠለጠሉት ነገሮች ፀሐይ ሲነካቸው ክንፋቸውን ከፈቱ፤ ብርቱካንማ ሆኑ። ሞናርክ የሚባሉት ቢራቢሮዎች ናቸው። ከሮኪ ተራሮች በስተ ምዕራብ ያሉት ሞናርኮች ክረምቱን የሚያሳልፉት በካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ነው። ነፋስ የሚከልልላቸው፣ ብርድ የማይበረታበት የዛፍ ጥላ ይመርጣሉ፤ አልባኒ ኮረብታ ላይ ያገኙት ደግሞ እነዚህን ባሕር ዛፎች ነው። በጸደይ የሚሄዱት ቢራቢሮዎች ተመልሰው አይመጡም። እንቁላላቸውን ጥለው መንገድ ላይ ይሞታሉ፤ ልጆቻቸውም እንዲሁ። በመከር ወደ ኮረብታው የሚመለሱት ቦታውን አይተውት የማያውቁ የልጅ ልጆች ናቸው። ይህን ስተረጉም ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ልጄ እዚሁ አልባኒ ነው የተወለደው።

ቢራቢሮዎቹ እያለቁ ነው። በ1980ዎቹ በሚሊዮን ይገመቱ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. በመላው ምዕራብ በተደረገው የክረምት ቆጠራ ከ2,000 ያነሱ ተገኙ። በ2022 ከ330,000 በላይ ሆነው ተስፋ ሰጡ፤ በ2024 እንደገና ወደ 9,119 ወረዱ። ቆጠራውን የሚያካሂዱት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ መምህራን፣ ጡረተኞች፣ ተማሪዎች በማለዳ ባይናኩላር ይዘው ይቆጥራሉ።

አስጎብኚዋ ለእናታችን የሰጠችው መልስ ይህ ነበር፦ «ከየት መጣ ብለን መጠየቅ አለብን፤ ግን እዚያ አናቆምም። ማንን ያስጠልላል? ማንን ይመግባል? ማንንስ ይገፋል? ብለን እንጠይቃለን። ይህ ዛፍ እሳት ያባብሳል፤ ቢራቢሮም ያስጠልላል። ሁለቱም እውነት ነው።» እናታችን በዚህ ሙሉ በሙሉ አልተጽናኑም። ግን «እንግዲያው ቀስ ብለው ይቁረጡ፤ መጀመሪያ ሌላ መጠለያ ያብቅሉ» አሉ። ይህ የባለሙያ ምክር ነው። ቢራቢሮ የሚያድርበትን ዛፍ የሚያነሣ ሰው ነፋስ መከለያው እንዳይጠፋ በየተራ ማንሣትና አስቀድሞ መትከል አለበት።

ያን ቀን ማታ ቃሉን በልቤ ሳገላብጥ አመሸሁ። «መጤ» የሚለው ቃል ስለ አንድ ነገር የሚናገረው ከየት እንደመጣ ብቻ ነው። «ወራሪ» የሚለው ግን የሚሠራውን ይናገራል። እምቦጭ ከ2011 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ጣና ላይ ሲስፋፋ፣ ገበሬውና ተማሪው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለው ከደቡብ አሜሪካ ስለመጣ አልነበረም። የዓሣ አጥማጁን ጀልባ ስላገደ፣ የከብቱን ግጦሽ ስለበላ ነው። በቆሎና በርበሬም ከአሜሪካ ነው የመጡት፤ ማንም አልነቀላቸውም።

ሌላ ምሳሌ ከኮረብታው ብዙ ሳይርቅ፣ የሕንፃ ፍርስራሽ ተደፍቶበት በተሠራው አልባኒ በልብ በሚባለው ልሳነ ምድር አለ። ቦታውን እንስላል ወርሶታል፤ ያ የምናውቀው፣ ሽታው የሚጣፍጠው እንስላል። ከሜዲትራኒያን አካባቢ የመጣ ስለሆነ አስጎብኚዎች ይነቅሉታል። ግን አኒስ ስዋሎውቴይል የሚባለው ቢጫና ጥቁር አገር በቀል ቢራቢሮ ዛሬ በዚህ አካባቢ አባጨጓሬዎቹን በአብዛኛው የሚያሳድገው በዚሁ እንስላል ላይ ነው። የድሮ ተክሎቹ በቤትና በመንገድ ሥር ሲቀበሩ በእንግዳው ላይ ተጠጋ። እንስላሉን ሁሉ በአንድ ቀን ብንነቅል የምንጎዳው በቀሉን ነው።

ይህን የምለው «ሁሉም ተክል እኩል ነው፤ ተዉት» ለማለት አይደለም። አባጨጓሬ እንደ ሰው ምግብ አይቀያይርም። የሞናርክ አባጨጓሬ የሚበላው ሲሰበር እንደ ቁልቋል ነጭ ወተት የሚያወጣውን ሚልክዊድ የተባለ ተክል ብቻ ነው። እርሱ ከሌለ ሞናርክ የለም። አንድ የኦክ ዛፍ ላይ የሚኖረው ነፍሳት ባሕር ዛፍ ላይ ከሚኖረው እጅግ ይበልጣል፤ ወፎች ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡት ደግሞ በእነዚያ ነፍሳት ነው። ዕውቀት የሌለው ፍቅርም ይጎዳል። ብዙ ሰው ቢራቢሮን ለመርዳት ብሎ በባሕር ዳርቻው አቅራቢያ ሚልክዊድ ይተክላል። ክረምት በሚያሳልፉበት ሰፈር ግን ተክሉ ዕረፍታቸውን ትተው እንቁላል እንዲጥሉ ሊያደርጋቸው ስለሚችል፣ ባለሙያዎች እዚያ አካባቢ በዚያ ፈንታ በመከርና በክረምት የሚያብቡ አገር በቀል አበቦች እንዲተከሉ ይመክራሉ። ይህን ሰው ካልነገረን በምን እናውቃለን? ሕዝብን ማስተማር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የእኛም አገር እንዲህ ያለ ትምህርት ባዳው አይደለም። ልቦለድ አንባቢው በ«እመጓ» የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ሳይንቲስት ናቸው። በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የቀረውን ደን አጥንተዋል፤ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱንና ምእመናኑን አስተባብረው ደኖቹን በድንጋይ ካብ ያሳጥራሉ። ከብት እንዳይገባ ካቡ በቂ ነው፤ ካቡን የሚያቆመው ግን «ይህ ደን የማን መጠለያ ነው?» የሚለው ትምህርት ነው። አዲስ አበባም በ705 ሄክታር ላይ ባረፈው በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ባሕር ዛፉ እየተነሣ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ ይተካል። በአልባኒ ኮረብታ እና በጉለሌ ያለው ጥያቄ አንድ ነው። አንድ ልዩነት አለ፦ እንጦጦ ላይ ከዛፉ ጋር የተሳሰረው ቢራቢሮ ብቻ ሳይሆን ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ልጆቿን የምታሳድግ እናትም ናት። ዛፉን የሚያነሣ «እርሷስ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ከጉብኝቱ በኋላ ለሚቀጥሉት አንድ ወረቀት በአማርኛ አዘጋጀሁ። አረጋውያኑ ረዱኝ፤ ስልክ እየደወሉ «ያቺኛዋን ረሳሻት» ይሉኝ ነበር። ወረቀቱ ሦስት ዐምድ አለው። በመጀመሪያው የተክሉ ስም ተጽፏል፤ ስም ለሌለው እነርሱ ያወጡለት አለ፤ ፖይዝን ኦክ «ሦስት ቅጠል ሳማ» ሆኗል፣ አሞሌ ግን አሞሌ ነው። በሁለተኛው ከየት እንደመጣ ተጽፏል፤ ከአውስትራሊያ፣ ከሜዲትራኒያን፣ ከዚሁ። ከአንድ ቃል አይበልጥም። ሦስተኛው «ማን ይኖርበታል?» ይላል። በዚህኛው ውስጥ ወፍ፣ አባጨጓሬ፣ ንብ፣ ጉጉት፣ ሰው ተጽፎ ቦታ አልበቃ ስላለ ወረቀቱን በጎኑ አዙሬ ማተም ነበረብኝ።

«መጤ» የሚለው ቃል በወረቀቱ ላይ የለም። «ወራሪ» ግን አለ፤ በሦስት ተክሎች ፊት፣ ምን እንደሚያጠፉ ከጎኑ ተጽፎ።